ጫማ ከማጥለቅ በፊት፦ ስኳር ላለበት ሰው የእግር አጠባበቅ

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ በ1946 ደቡብ ሕንድ፣ ቬሎር ከተማ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከም ሲጀምር አንድ እንቆቅልሽ ገጠመው። ሕሙማኑ ማታ ደህና የነበረ ጣታቸውን ጠዋት ቆስሎ፣ አንዳንዴም ጎድሎ ያገኙታል። ሰዉ ሁሉ በሽታው ራሱ ጣት ይበላል ብሎ ያምን ነበር። ሌሊት ሰው ተመድቦ ሲጠብቅ ግን ጉዱ ወጣ፤ አይጥ ነው። የደነዘዘ ጣት የአይጥ ጥርስ አይሰማውም፣ የተኛውም ሰው አይባንንም። ከዚያ ወዲህ ታክሞ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሁሉ ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ።

ነገሩ በሥጋ ደዌ የሚያበቃ አይደለም። ሐኪሙ ዙልፊቃራሊ አባስና ባልደረቦቹ በ2005 ከታንዛኒያ ባወጡት ጽሑፍ፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸውን በአይጥ ተነክሰው ወደ ሕክምና መምጣታቸውን ዘግበዋል። ሁለቱን በሽታዎች የሚያገናኛቸው የነርቭ ጉዳት ነው። ብራንድም በ1966 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል በተባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሠራ፣ ከሥጋ ደዌ የተማረውን ስኳር ላለባቸው ሰዎች እግር አዋለው። እዚህ አገርም በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ የተቋቋመው አለርት፣ ለደነዘዘ እግር ጫማ መሥራትን የሕክምናው አካል ያደረገ ተቋም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቬሎሩ ታሪክ ለዚህ መመሪያ የሚሰጠው ሐሳብ አንድ ነው፦ እግር ማመሙን ሲያቆም ሥራው ወደ ዓይንና ወደ እጅ ይዞራል። ያውም ሲታወስ ሳይሆን በየቀኑ።

አብዛኛው ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲያመው ነው። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ግን በዚህ ልማድ መተማመን አይችልም። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ነርቮችን ሲጎዳ ከረጅሞቹ ይጀምራል፤ ረጅሞቹ ደግሞ እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ናቸው። አንዳንዱን ያቃጥለዋል፣ ይጠዘጥዘዋል፣ ጉንዳን የወረረው ያህል ይነዝረዋል፣ ማታ የብርድ ልብስ መነካት እንኳን ያስጨንቀዋል። ሌላው ምንም ሳይታወቀው ቀስ እያለ ይደነዝዛል፤ አሳሳቹም ይሄኛው ነው። ነርቭ ሲጎዳ የሚጠፋውም ስሜት ብቻ አይደለም። የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች የሚያዙት ሲደክሙ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ የሰውነት ክብደትም ከጣቶች ሥር ባሉት አጥንቶች ላይ ያርፋል። ላብ የሚያዙት ሲደክሙ ደግሞ ቆዳ ይደርቅና ተረከዝ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የእግር ደም ሥሮች ከጠበቡ፣ ትንሽ ጭረት የሚድንበት ደም ያጣል።

ስኳር ካለባቸው 100 ሰዎች ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል እንደሚገጥማቸው በ2017 የታተመ አንድ የታወቀ ግምገማ ይገምታል። በስኳር ምክንያት እግሩ የሚቆረጥ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ቁስል የነበረበት ነው። ይህ ሲነገር ያስፈራል፤ ተገልብጦ ሲታይ ግን ተስፋ አለው፦ ቁስሉን ያስቀረ ወይም በጊዜ የደረሰበት ሰው እግሩን የማትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የማታው ፍተሻ

ሰዓቱን ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዙት። ማታ ጫማ ከወለቀ በኋላ፣ ከመተኛት በፊት ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የደረሰው ሁሉ ያን ጊዜ ይታያል። ደህና ብርሃን ያለበት ቦታ ይቀመጡ። መብራት ከጠፋ የስልክ ባትሪ ይበቃል። ውስጠ እግርን አዙሮ ማየት ለሚያቅተው ሰው መስታወት መሬት ላይ አስቀምጦ እግርን ከላዩ ማንሳት ይቻላል። ስኳር ዓይንንም ስለሚጎዳ፣ ብዙ አረጋውያን አያለሁ ብለው የማያዩት ነገር አለ፤ ለእነሱ የልጅ ልጅ ዓይን ከማንኛውም መስታወት ይበልጣል። አያት እግራቸውን ለልጅ ማሳየት ሊያሳፍራቸው ይችላል። ቤተሰቡ ነገሩን እንደ መድኃኒት ሰዓት ቢይዘው እፍረቱ ቶሎ ይለቃል።

ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይሂዱ፣ አለዚያ የሚዘለል ቦታ አይጠፋም። ከአውራ ጣት ጫፍ ይጀምሩና የጣቶችን ላይና ጫፍ ይዩ። ቀጥሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው መሃላቸውን ይዩ፤ ነጣ ብሎ የረጠበ፣ የተላጠ ወይም የሚሸት ቆዳ ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥፍሮች፣ ከዚያ ከጣቶች ሥር ያለው የውስጠ እግር ክፍል፣ ጎንና ጎኑ፣ ተረከዝ፣ በመጨረሻ ቁርጭምጭሚት። የሚፈለገው ጭረት፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ መቅላት፣ እብጠት፣ የቀለም ለውጥ፣ ስንጥቅ፣ የገባ እሾህ ወይም የጠርሙስ ስባሪ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በደንብ አይታይም፤ ስለዚህ ከሌላኛው እግር ጋር እያስተያዩ ጠቆር ያለ፣ ያበጠ ወይም የሚያብለጨልጭ ቦታ ይፈልጉ። ሙጀሌ ባለበት አካባቢ የሚኖር ሰው የጥፍር ዙሪያውን ጠበቅ አድርጎ ያያል፤ ካገኘም በመርፌ አይቆፍርም፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ያስወጣል።

የደነደነ ቆዳ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። ቆዳ የሚደነድነው ጫና በበዛበት ቦታ ስለሆነ ቀጣዩ ቁስል የት ሊወጣ እንደሚችል ይጠቁማል። በተለይ ከደነደነው ቆዳ ሥር እንደ ደም የጠቆረ ነጥብ ከታየ ሥጋው ከውስጥ መጎዳት ጀምሯል ማለት ነውና፣ በማግስቱ ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ያስፈልጋል። እቤት በምላጭ መላጥ አይሆንም። ፋርማሲ የሚሸጠው ቆዳ የሚያነሳ አሲድ ያለበት ፕላስተርም ጤነኛውን ሥጋ አብሮ ስለሚበላ ለደነዘዘ እግር አይሆንም።

ዓይን ከጨረሰ እጅ ይቀጥላል። የእጅዎን ጀርባ በሁለቱም እግሮች ተመሳሳይ ቦታ ላይ እያሳረፉ ሙቀታቸውን ያስተያዩ። አንዱ ከሌላው ለይቶ የሚሞቅ ከሆነ ከቆዳው ሥር የሚነድ ነገር አለ። የቆዳ ሙቀት መለኪያ ያላቸው ሰዎች የሚጠነቀቁበት ቁጥር 2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ይህን የሚያልፍ ልዩነት ሁለት ቀን በተከታታይ ከታየ መራመድ መቀነስና ሐኪም ማማከር ይመከራል። እግር በድንገት ቢያብጥ፣ ቢሞቅ፣ ነገር ግን ቁስል ባይኖረውና እምብዛም ባያምም ወለምታ ነው ብሎ ማሸት ከባድ ስህተት ነው። በፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ስም የሚጠራው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ጉዳት እንዲህ ነው የሚጀምረው። በዚያ እግር የሚረግጥ ሰው የእግሩን ቅርጽ ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል፤ ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን ሆስፒታል፣ በዚያው ቀን።

ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መቀባት

እግር በየቀኑ ይታጠባል፣ ግን አይዘፈዘፍም። ማታ ማታ በሙቅ ውሃና በጨው እግርን መንከር በብዙ ቤት የተወደደ ልማድ ነው፤ ስኳር ላለበት ሰው ግን ሁለት ጣጣ አለው። ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያሟሽሸዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የደነዘዘ እግር ውሃው እንደሚያቃጥል አይናገርም። ውሃውን በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ ያስለኩ፤ ቴርሞሜትር ካለ ከ37 ዲግሪ በታች ይሁን። በለስላሳ ሳሙና ታጥበው ሲጨርሱ በንጹሕ ፎጣ ያድርቁ፣ በተለይ የጣቶችን መሃል። ቫዝሊን ወይም ሌላ ቅባት ለተረከዝና ለውስጠ እግር መልካም ነው፤ የጣቶች መሃል ግን አይቀባም፣ እርጥበት ይዞ ፈንገስ ይጋብዛል።

ሙቀት ከውሃ ብቻ አይመጣም። የከሰል ምድጃ ዳር እግር ዘርግቶ መሞቅ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አልጋ ውስጥ ማስገባት፣ በረዶ ባለበት አገር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ እግር መጫን ሁሉም ያቃጥላሉ። አንዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታሰብም፦ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር የሆነ ሚኒባስ። ጋቢና ተቀምጦ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የእግሩ መርገጫ ምን ያህል እንደጋለ ላይታወቀው ይችላል። ከኋላ መቀመጥ ይሻላል። ማታ የሚበርድዎት ከሆነ ወፍራም ካልሲ አድርገው ይተኙ፤ አይጥ ላለበት ቤትም ይጠቅማል።

ጥፍር ከታጠቡ በኋላ ለስለስ ሲል ይቆረጣል፤ ቀጥ ተብሎ፣ ጥጋጥጉ ሳይቆፈር፣ ሹል ጠርዙ በሞረድ ተስሎ። ዓይኑ የደከመ ወይም ጥፍሩ የወፈረበት ሰው ለሌላ ሰው ይስጥ። ፔዲኪዩር ቤት የሚሄዱ ሴቶች «ስኳር አለብኝ፣ በምላጭ አትንኪኝ፣ ውሃውም ለብ ያለ ይሁን» ብለው አስቀድመው ለመናገር አያፍሩ፤ ለብዙ ደንበኛ የሚያገለግለው መቁረጫ በወጉ መጽዳቱንም ይጠይቁ።

ካልሲና ጫማ

ካልሲ በየቀኑ ይለወጣል። ነጣ ያለ ቀለም ያለው ይመረጣል፣ ደም ወይም መግል ቢነካው ወዲያው ያሳብቃል። አናቱ ላይ ላስቲኩ እግር ላይ መስመር የሚያወጣ ከሆነ ጠብቋል። ውስጡ ወፍራም ስፌት ካለው ገልብጦ ማድረግ ይቻላል። ተቀዶ የተሰፋ ካልሲ ስፌቱ እየፋቀ ያቆስላልና ይጣል።

ጫማ መግዛት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚገዛው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እግር ያን ጊዜ ስለሚያብጥ። ከመሄድዎ በፊት ወረቀት መሬት ላይ አንጥፈው ቆመው ይርገጡበት፣ ሰው በእርሳስ ዙሪያውን ይሥልልዎት፣ በቅርጹም ይቁረጡት። ያንን ወረቀት የሚገዙት ጫማ ውስጥ ሲያስገቡት ዳር ዳሩ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው፤ ሻጩ «ሲለበስ ይሰፋል» ቢልም አይግዙ። የውስጡ ርዝመት ከእግርዎ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይብለጥ፣ ጣቶች እንዲላወሱ ከፊቱ ሰፋና ከፍ ያለ ይሁን፣ የሚታሰር ወይም የሚጣበቅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በጣቶች መሃል የሚያልፍ ማንጠልጠያ ያለው ነጠላ ጫማ ቆዳውን ይፍቃል፣ የደነዘዘ እግርም ሳይታወቀው ያመልጠዋል። አዲስ ጫማ መጀመሪያ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ይደረጋል፤ ሲወልቅ እግር ይታያል፣ የቀላ ቦታ ካለ ጫማው አልተስማማም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝ፦ ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት፣ ቀጥሎ እጅዎን አስገብተው ውስጡን በሙሉ ይዳብሱ። ጠጠር፣ ከሶሉ ዘልቆ የገባ ሚስማር፣ የተጨማደደ ገበር፣ የልጅ መጫወቻ፣ ሳንቲም፦ ጤነኛ እግር በሁለት እርምጃ የሚያውቀውን የደነዘዘ እግር ቀኑን ሙሉ ይዞት ይዞራል።

ባዶ እግር መሄድ ቤት ውስጥም ይቅር። እዚህ ላይ የሃይማኖት ሥርዓት ይነሳል፤ «አይቻልም» ብሎ ማለፍ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቆ የሚገባ ሰው ወፍራምና ንጹሕ ካልሲ ያድርግ፣ ከምንጣፍ ውጭ ብዙ አይዘዋወር፣ ሲወጣ እግሩን ይይ። ወደ ገዳም ወይም ወደ ጸበል ድንጋያማ መንገድ በባዶ እግር ለመሄድ የተሳለ ሰው የነፍስ አባቱን ቢያማክር መፍትሔ አይታጣም። ሐጅና ዑምራ ለሚሄዱ ሙስሊሞች ነገሩ ከበድ ይላል። በጋለ መሬት ላይ በባዶ እግራቸው ሄደው ውስጠ እግራቸው የተቃጠለ፣ ስኳር ያለባቸው ተጓዦች በሳዑዲ ሐኪሞች ጽሑፍ ውስጥ ተመዝግበዋል። ነጠላ ጫማን መስጊዱ በር ላይ ትቶ መግባት መጥፋትን ያስከትላል፤ የጠፋበት ሰው አስፋልቱን በባዶ እግሩ ይሻገራል። ትንሽ ከረጢት ይያዙና ጫማዎ ከእጅዎ አይለይ። ሶሉ ለስላሳ የሆነ፣ ከጉዞው በፊት የተለማመዱት ጫማ ይሁን።

በጣት ጫፍ የሚደረግ ምርመራ

እግር መደንዘዙን ለማወቅ ሐኪም 10 ግራም ኃይል ሲያርፍበት የሚታጠፍ ቀጭን የናይሎን ዘንግ ይጠቀማል፤ ሞኖፊላመንት ይባላል። መሣሪያው በሌለበት ደግሞ የእንግሊዟ ኢፕስዊች ከተማ ሐኪሞች በ2011 ያስተዋወቁት ዘዴ አለ፣ ጣት እንጂ ሌላ ነገር አይፈልግም። ቤት ውስጥ እንዲህ ይደረጋል። ተመርማሪው ካልሲውን አውልቆ ይጋደምና ዓይኑን ይጨፍናል። መርማሪው በአመልካች ጣቱ ጫፍ የእግር ጣቶችን ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ይነካል፤ ሳይጫን፣ ሳይወጋ፣ ሳይደበድብ። ቅደም ተከተሉ የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፣ የቀኝ መካከለኛ፣ የግራ መካከለኛ ነው። የተሰማው ሰው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይላል። ዝም ካለ ደግሞ አይነካም፣ እንዳልተሰማው ይመዘገባል። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷልና ለሐኪሙ ይናገር።

ይህ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ስሜቱና የደም ዝውውሩ ደህና የሆነ ሰው እግሩን በዓመት አንድ ጊዜ ለባለሙያ ያሳያል። የደነዘዘ ወይም የደም ሥር መጥበብ ያለበት በየ6 እስከ 12 ወር፣ ሁለቱ የተደራረቡበት ወይም ከአንዱ ጋር የእግር ቅርጽ መበላሸት ያለበት በየ3 እስከ 6 ወር ይታያል። ቀድሞ እግሩ የቆሰለበት ወይም የተቆረጠበት በየ1 እስከ 3 ወር ነው። በተጨናነቀ ክሊኒክ ውስጥ የደም ስኳርና ግፊት ይለካል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ እግር ግን ተረስቶ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ተራዎ ደርሶ ሲቀመጡ ሳይጠየቁ ጫማና ካልሲ ያውልቁ። የወለቀ እግር ፊቱ ያለ ሐኪም አያልፈውም። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ይንገሩት፤ የእግር ደም ሥርን ከሚያጠቡት አንዱ እሱ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች ያላቸው ሰዎች ደግሞ መብታቸውን ይጠይቁላቸው። በአሜሪካ ሜዲኬር መስፈርቱን ለሚያሟሉ፣ ከባድ የእግር ችግር ላለባቸው የስኳር ሕሙማን በዓመት አንድ ጥንድ ልዩ ጫማ ይሸፍናል። በብሪታንያ ዓመታዊው የእግር ምርመራ ያለ ክፍያ የሚሰጥ የመንግሥት አገልግሎት ነው።

ቁስል ከተገኘ

ቁስሉን በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፣ በንጹሕ ጎዝ ይሸፍኑት፣ በዚያ እግር መርገጥ ይቀንሱ፣ በማግስቱ ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ዙሪያው የቀላ፣ ያበጠ፣ የሚሸት፣ መግል ያለው፣ የጠቆረ ከሆነ ወይም ትኩሳት ከመጣ ማግስትን አይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። ያለ ምክንያት የደም ስኳር ሽቅብ መውጣቱም ከቁስሉ የገባ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል።

ቡና መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት፣ የተፈጨ ቅጠል መለጠፍ፣ የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መበተን፦ ሁሉም ቁስሉን ከዓይን ይሸፍኑታል፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ያደርጉታል። አልኮልና ሌሎች ጠንካራ ማጽጃዎችም አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላሉ። ብዙ ሰው የማይቀበለው ግን መርገጥ መቀነስን ነው፤ ስለማያምም ይራመዳል፣ በተራመደ ቁጥርም ቁስሉ ይፈጫል። ብራንድ ጫናውን ከቁስሉ ላይ የሚያነሳ የጄሶ ቦት ያስለመደው ለዚህ ነበር፤ ዛሬም ተረከዝና ጣት ያልሆነ የውስጠ እግር ቁስል ዋና ሕክምናው ከጉልበት በታች ያለውን እግር የሚይዝ፣ የማይወልቅ ድጋፍ ነው። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ አንቲባዮቲክ ብቻ ካዘዘ «እንዴት ነው የምረግጠው?» ብለው ይጠይቁት።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከ10 ሰዎች 4ቱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ይቆስላሉ። ስለዚህ የዳነው ቦታ በማታው ፍተሻ መጀመሪያ የሚታይ ይሁን፣ ያቆሰለው ጫማም ተመልሶ አይደረግ።